የሎንግ ሜልፎርድ ቤተ ክርስቲያን ሞዴል በ1:100፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ዓላማው

እንግሊዝ አገር፣ ሰፎክ ውስጥ፣ ሎንግ ሜልፎርድ የሚባል መንደር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅድስት ሥላሴ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ከ1467 እስከ 1497 እንደ አዲስ የተሠራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡ የመጣው ከሱፍ ጨርቅ ነው። ያኔ ሜልፎርድ ሸማኔና ነጋዴ የሞላበት ቦታ ነበር፤ ሀብታሞቹም ያተረፉትን እዚህ ግንብ ላይ አፈሰሱት።

የዚህን ቤተ ክርስቲያን ሞዴል እየሠራሁ ነው። ብዙ የሕንፃ ሞዴሎች አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባሉ፤ ስታያቸው ሕንፃው በአንድ ቀን የተሠራ ይመስልሃል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምፈልገው። ይህ ቤተ ክርስቲያን "እንደ አዲስ ተሠራ" ሲባል ሁሉም ፈርሶ ከመሠረቱ ተነሣ ማለት አይደለም። የድሮው ቤተ ክርስቲያን ዓምዶች ውስጡ አሉ። የደወል ቤቱ ውጫዊ ግንብ ከሌላው አካል በ400 ዓመት ይዘገያል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጸሎት ቤት ተቀጥሎበታል። ሞዴሉን ያየ ሰው "ይሄ እዚህ ጋ ነው የተቀጠለው" ብሎ በጣቱ እንዲያሳይ ነው ዓላማው። የዕቃ ምርጫዬ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስኬል እና ልኬት

መጀመሪያ 1:50 አሰብኩ። ዋናው አዳራሽ ብቻ 46.5 ሜትር ነው፤ በእንግሊዝ ካሉ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ረጅሙ እንደሆነ ይነገራል። በ1:50 ያ ብቻውን 93 ሴንቲ ይሆናል፤ ደወል ቤቱና የምሥራቁ ጸሎት ቤት ሲጨመሩበት በር አያልፍም። ስለዚህ 1:100። አዳራሹ 46.5 ሴንቲ፣ ደወል ቤቱ 36 ሴንቲ። ዘጠኝ ቅስት ስላለው እያንዳንዱ ወደ 5 ሴንቲ ይደርሰዋል። ለእጅ ይመቻል።

እስከ ሰድበሪ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሚያገለግሉትን አስፈቅጄ በእጅ በሚያዝ የሌዘር ሜትር (32 ፓውንድ) የውስጡን ለካሁ፤ የውጪውን ከፎቶ ነው ያወጣሁት። በስልክ ብዙ ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተር ላይ ወደ ስሪዲ መቀየርም ሞክሬያለሁ። ውጪው ግሩም ወጣ። ግንቡ በትንንሽ ባልጩት የተሞላ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚይዘው ነጥብ አያጣም። ውስጡ ግን አልሆነም፤ ነጣ ያለው ግድግዳና መስታወቱ ሲደባለቁ ግድግዳው የተጨማደደ ጨርቅ ሆኖ ወጣ። እዚያ የሚሻለው ሜትርና ወረቀት ነው። አንድ ምክር፦ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ስትለካ እያንዳንዱን ቅስት ለየብቻ ለካ። ጠቅላላውን ለዘጠኝ ማካፈል ቀላል ነው፣ ግን በተለያየ ዘመን የተሠራ ነገር እኩል ነው ብለህ መነሣት የለብህም።

ዓምዶቹ

ከዘጠኙ ቅስቶች በምዕራብ በኩል ያሉት አምስቱ ከቀድሞው ቤተ ክርስቲያን የተረፉ ናቸው ተብሎ ነው የሚታመነው። ወደ ምሥራቅ ያሉት አራቱ የአዲሱ ሥራ ናቸው። ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ደስ ብሎኛል። እነዚያ ሰዎች ገንዘብ አላነሳቸውም፤ ግን የሚቆም ዓምድ ካለ አላፈረሱም። ከላዩ ያለውን ግድግዳ አንስተው በትልልቅ መስኮት የተሞላ አዲስ ግድግዳ ጫኑበት።

በሞዴሉ ላይ አምስቱን በጥቁር ዋልነት፣ አራቱን በነጣ ያለ እንጨት ልሠራቸው ወሰንኩ። ቀለም አይቀቡም፣ ሰም ብቻ።

ለአሮጌዎቹ የያዝኩት ቅርጽ አራት ግማሽ ክብ ዘንጎች ተጣብቀው እንደ አንድ ዓምድ የሚቆሙበት ነው። መጀመሪያ በሬዚን ፕሪንተር (ፈሳሽ ፕላስቲክን በብርሃን እያደረቀ ቅርጽ በሚያወጣ ማሽን) አሠራኋቸው። ሲወጡ ያምራሉ፤ ግን ቀጫጭን ስለሆኑ ግድግዳው ሲጫንባቸውና ክፍሉ ሲሞቅ ቀስ እያሉ ጎበጡ። ሬዚኑን በደንብ በብርሃን ማድረቅ ትንሽ ይረዳል፣ ችግሩን ግን አያጠፋውም። ሬዚኑን ተውኩት። አሁን የያዝኩት መንገድ ቀላል ነው፦ 3 ሚሊ የሆነ ክብ የእንጨት ዘንግ አራት ቁራጭ፣ በመካከላቸው ቀጭን አራት ማዕዘን እንጨት፣ ሁሉንም በነጭ ኮላ አጣብቆ ክር መጠምጠም። ኮላው ሲደርቅ ክሩን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማለፍ። የዓምዱ እግርና አናት ከቀጭን ካርቶን ቀለበት ነው። ዋልነት ዘንግ በዚህ ውፍረት ውድ ነው። ያገኘሁት ከአንድ የመርከብ ሞዴል ዕቃ ሻጭ ነው።

ቅስቶቹን በሌዘር ከተቆረጠ 1.5 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ንብርብር አድርጌ ነው የሠራኋቸው። እያንዳንዱ ንብርብር ከበላዩ ካለው በግማሽ ሚሊ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲደራረብ የቅስቱን ደረጃ ደረጃ ያለ ጠርዝ ይሰጥሃል። ከሩቅ ሲታይ በመሮ የተጠረበ ነው የሚመስለው።

መስኮት የበዛበት ግድግዳ

ከዚህ ሥራ ሁሉ ጊዜ የፈጀው ይኼ ነው። 74 መስኮት አለው። ከአዳራሹ ቅስቶች በላይ ያለው የላይኛው ረድፍ በየቅስቱ አናት ላይ ሁለት ሁለት መስኮት ይዟል፤ ከሥሩ ደግሞ የመስኮቱ ቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች ወደ ታች ወርደው ድፍኑን ግድግዳ ይሸነሽኑታል። የእንግሊዞቹ የመጨረሻው የጎቲክ ዘመን መለያ ይኼ ነው፤ ሁሉም መስመር ወደ ላይ ይቆማል፣ ግድግዳና መስኮት በአንድ ዓይነት መስመር ይያያዛሉ። ግድግዳ ልሠራ ተነሥቼ የሠራሁት በአብዛኛው ቀዳዳ ነው።

የመስኮቱን ዘንጎች 1.2 ሚሊ አድርጌ ፋይሉን ላክሁ። ሌዘሩ ራሱ በእያንዳንዱ ጎን የሚበላው ስላለ ከ1 ሚሊ በታች ሆነው ወጡ፤ ከኮምፔንሳቶው ላይ ሲነሡ መሰባበር ነው። ዘንጉን ፋይሉ ላይ ማወፈር ረዳ። ኮምፔንሳቶው ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ውስጡ የተሸሸገ ኮላ የበዛበት ቦታ ላይ ሌዘሩ አያልፍም፤ በካተር ልጨርሰው ስል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለመስኮት ብቻ ወደ ጠንካራ ግራጫ ካርቶን ዞርኩ፣ 1 ሚሊ። ከተቆረጠ በኋላ በሁለቱም ጎን ሼላክ (የቫርኒሽ ዓይነት) ሲቀባ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ሁለት ካርቶን፣ በመካከላቸው ጥርት ያለ ፕላስቲክ፤ መስኮቱ ያ ነው። ሼላኩን ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ መቀባት ግዴታ ነው፤ አንዱን ብቻ ከቀባኸው ካርቶኑ ይጣመማል።

የላይኛው ግድግዳ ሲቆም ብቻውን አይቆምም። በጣት ስነካው ወደ ውስጥ ያዘነብላል። እውነተኛው ሕንፃ እንዴት እንደቆመ የገባኝ ያኔ ነው። ሸክሙ የሚወርደው በመስኮቶቹ መካከል ባሉት ጠባብ ግንቦችና በውጪው የድጋፍ ግንብ በኩል ነው፤ ከላይ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሻገሩት የጣሪያ እንጨቶች ሁለቱን ጎኖች ይይዛሉ። ጣሪያው የእንጨት ስለሆነ፣ ተዳፋቱም በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ወደ ውጪ የሚገፋው ጉልበት እንደ ድንጋይ ጣሪያ ከባድ አይደለም። ያን ያህል መስታወት የተቻለው በዚህ ነው። እንዲህ ዝቅ ያለ ጣሪያ ደግሞ ዝናብ የሚችለው በእርሳስ (ለስላሳው ግራጫ ብረት) ስለሚለበስ ነው። እንጨቱ፣ እርሳሱ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ። ጣሪያውን መጨረሻ ላይ ልገጥም ነበር ያሰብኩት፤ አሁን ግን ተሻጋሪ እንጨቶቹን መጀመሪያ አስገባሁ። ግድግዳው ቀጥ አለ። የእርሳሱ ልባስ ግራጫ የተቀባ ወረቀት ነው፤ የልባሱ መጋጠሚያ ጉብታ ደግሞ ከወረቀቱ ሥር የተዘረጋ የስፌት ክር።

ባልጩት

ሰፎክ ጥሩ የግንባታ ድንጋይ የላትም። ያላት ባልጩት ነው። ከኖራ ድንጋይ ንብርብር ውስጥ የሚገኝ፣ ውጪው ነጭ ውስጡ ጥቁር የሆነ ድቡልቡል ነገር። የሚጠረበው ድንጋይ ከሌላ አገር ተጭኖ ስለሚመጣ ውድ ነው፣ ስለዚህ ለማዕዘን፣ ለመስኮትና ለጌጥ ብቻ ነው የሚቆጥቡት። የአካባቢው ግንበኞች ከዚህ እጥረት ልዩ ጌጥ አወጡ። ነጣ ያለውን ድንጋይ በሥሱ ጠርበው ቅርጽ ያወጡበታል፤ ክፍተቱን በተሰነጠቀ ጥቁር ባልጩት ይሞሉታል፤ ሁለቱም በአንድ ወለል ላይ ይተኛሉ። ጥቁርና ክሬም። ፀሐይ ሲያርፍበት ባልጩቱ ያበራል።

እኔ ይህን ሙያ ከየትኛውም የእንግሊዝ ጌጥ አስበልጬ እወደዋለሁ፣ ስለዚህ እዚህ ጋ አልቸኮልኩም።

መጀመሪያ ፎቶውን አሳንሼ በወረቀት አትሜ ለጠፍኩ። ሞቶ ነው የወጣው፣ የሚያበራ ነገር የለውም። ከዚያ የተፈጨ ጥቁር ጠጠር በኮላ ላይ በተንኩ፤ ለተራው ግንብ ይሆናል፣ ለጌጡ ግን ሻካራ ነው፣ ጠርዝ አይይዝም። የሠራው ይኼኛው ነው፦ ጥቁር ካርቶን ላይ ሁለት እጅ የሚያበራ ቫርኒሽ መቀባት፣ ከደረቀ በኋላ በጣም ሥሥ የሆነ ነጭ የእንጨት ልጣጭ በሌዘር ቅርጹን አስቆርጦ ከላዩ መለጠፍ። ልጣጩ ሌዘር ሲነካው ጠርዙ ይቃጠላል፣ ቡናማ መስመር ይተዋል። የሌዘሩን ጉልበት ቀንሶ ፍጥነቱን መጨመርና ልጣጩ ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፎ መቁረጥ አብዛኛውን ያጠፋዋል። የቀረውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት።

ስለ ሌዘሩ፦ የምጠቀመው በሰዓት በሚከራይ የጋራ ወርክሾፕ ነው። አንድ ጊዜ ማሽኑ ሳይስተካከል ተከራይቶልኝ ግማሽ ሉህ ልጣጭ ተበላሸ፤ ሒሳቡም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሁልጊዜ በካርቶን ላይ ትንሽ ካሬ አስቆርጬ በካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ) እለካለሁ። ልኬቱ ካልገጠመ ውድ ዕቃ አላስገባም።

ስሞቹ

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውጪ፣ በግድግዳው አናት ዙሪያ፣ ጽሑፍ አለ። በዚያው በድንጋይና በባልጩት የተሠራ። የሚለውም "ለእገሌ ነፍስ ጸልዩ" ነው። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ስም። አንዱ ጽሑፍ ለሮጀር ሞርየል፣ ለሚስቶቹ ለማርጋሬትና ለካትሪን ነፍስ ጸልዩ ይላል፤ ከእሱ ሀብት እነዚህ ስድስት ቅስቶች እንደ አዲስ ተጠገኑ ብሎ ዓመቱን 1481 ያስቀምጣል። ካትሪን ራሷ ከገንዘቡ አስፈጻሚዎች አንዷ ሆና ተጽፋለች። ከእሷ ጋር ጆን ክሎፕተን የሚባል ስም አለ፣ እሱ በብዙ ቦታ ይመላለሳል።

የብራና መጽሐፍ ያገላበጠ የእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። መጨረሻው ላይ ያጻፈው ሰው በክርስትና ስሙ ይጠራል፣ አንባቢም እንዲጸልይለት ይለመናል። እዚህ ያው ልመና ግንብ ላይ ወጥቷል። ይህን ሕንፃ ሳየው ስለ ቁመቱና ስለ መስኮቱ ከማሰቤ በፊት እነዚያን ስሞች ነው የማስበው። እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ሰው ነው፤ ሥራውም ቁራጭ በቁራጭ የሄደው ገንዘቡ እንደዚያ ስለመጣ ነው።

በ1:100 ግን ፊደሉ ከነጥብ አይበልጥም። ለመቅረጽ ሞከርኩ፤ ሌዘሩ ልጣጩን አነደደው። ከሕንፃው ላይ የጽሑፉን ቦታ በቀጭን የጥቁርና ነጭ መስመር ብቻ አመለከትኩ። ከዚያ የሞርየልን ጽሑፍ የያዘ አንድ ቁራጭ ግድግዳ ለብቻው በ1:10 ሠራሁ። እዚህ ስኬል ላይ እውነተኛ የባልጩት ስባሪ መጠቀም ይቻላል። ስባሪውን በፒንሳ እየያዝኩ በኮላ ላይ አንድ በአንድ ነው የደረደርኩት። መነጽር ሳታደርግ ባልጩት እንዳትሰብር፤ ስንጣሪው እንደ መስታወት ነው። አቧራውም ለሳንባ ክፉ ስለሆነ ማስክ ያስፈልጋል።

ክሎፕተን እና የምሥራቁ ጫፍ

ጆን ክሎፕተን እዚያው አጠገብ ያለው የኬንትዌል ባላባት ነበር። በ1462 ከኦክስፎርዱ አርል (ከፍተኛ መኳንንት) ጋር በአገር ክህደት ተከሶ ታስሯል። አርሉና ልጁ ተገደሉ፣ እሱ ተረፈ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ ቀሪ ዕድሜውን ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ጋር አሳለፈ። የሞተው በ1497 ነው። መቃብሩ በመቅደሱና በራሱ ጸሎት ቤት መካከል ባለው ግንብ ውስጥ ነው። ከላዩ ክፍት ቅስት አለው፣ ውስጡ ሥዕል አለበት። መቃብሩ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ የክርስቶስ መቃብር ምሳሌ ሆኖ እንዲያገለግል ተደርጎ የተሠራ ነው። በሞዴሉ ይህን ግንብ ከሁለቱም ጎን እንዲታይ ከጣሪያው ጋር አብሮ የሚነሣ አላደረግኩትም፤ ተተክሎ ነው የሚቆየው፣ ቅስቱም እውነተኛ ቀዳዳ ነው።

የእመቤታችን ጸሎት ቤት

ምሥራቁ ጫፍ ላይ ያለው ይኼ ነው። ጽሑፉ ላይ ያለው ዓመት 1496። ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ጋር ተያይዟል፣ ግን ሕንፃው ለብቻው ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ሦስት ሹል ጣሪያ ጎን ለጎን የያዘ። ውስጡ መካከል ላይ መቅደስ አለ፤ በዚያ ዙሪያ ደግሞ ዓምድ የተደረደረበት መሄጃ ይዞራል። ለዑደት ተብሎ የተሠራ ነው፤ በሰፎክ እንዲህ ያለ ሌላ የለም።

ፕላኑን ወረቀት ላይ ስስለው እጄ የሚያውቀው ነገር ነው የመጣው። መካከሉ መቅደስ፣ ዙሪያው ሰው የሚቆምበትና የሚዞርበት፤ የእኛ ክብ አብያተ ክርስቲያናት አሠራር ከዚህ አይርቅም። ሁለቱ አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለቴ አይደለም። ታቦት ይዞ መዞርም ሆነ መስቀል ይዞ መዞር ቦታ ይፈልጋል፣ ግንበኛውም ያን ቦታ ይሰጣል።

የዚህ ጸሎት ቤት ሹል ጣሪያ ዋናው ቤተ ክርስቲያን ላይ ካለው ጠፍጣፋ ጣሪያ ጋር አይመሳሰልም። ምክንያቱም ቆየት ብሎ የመጣ ነው። ከ1670 ጀምሮ እስከ 1700ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቦታው ትምህርት ቤት ነበር፤ ሹሉ ጣሪያም የዚያ ዘመን ነው። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ የማባዣ ሰንጠረዥ ተጽፎ ይታያል። ልጆች ማባዛት የተማሩበት ግድግዳ ነው። በሞዴሉ ላይ ጣሪያውን የሚነሣ አደረግሁት፣ በሌላ ቀለም፤ ሰንጠረዡንም በ0.1 ብዕር በትንሹ አስገባሁት። አይነበብም፣ ግን አለ።

ሹል ጣሪያው ቀላል መስሎኝ ነበር። በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል ያለው አሸንዳ ግን አላስተኛ አለ። ከካርቶን ታጥፎ ሲሠራ ማጠፊያው ይፈነዳል። በመጨረሻ የቢራ ጣሳ ቆርጬ አሸንዳውን ከቆርቆሮው ሠራሁት። ጥሩ ይታጠፋል፣ ግራጫ ፕሪመር ይይዛል፣ ጠርዙ ግን እጅ ይቆርጣል።

ደወል ቤቱ

የመጀመሪያው ደወል ቤት በ1710 ገደማ በመብረቅ ተመታ። ቦታው ላይ ከ1712 እስከ 1725 የጡብ ደወል ቤት ተሠራ። ያ ደወል ቤት ከሌላው ሕንፃ ጋር የሚሄድ አይደለም፤ የባልጩት ግንብ ጫፍ ላይ የጡብ ሳጥን። ከዚያ አርክቴክቱ ጆርጅ ፍሬድሪክ ቦድሊ ከ1898 እስከ 1903 ጡቡን ሳያፈርስ በድንጋይና በባልጩት አለበሰው። ዛሬ ከመንገድ የሚታየው ያ ልባስ ነው። ጡቡ ውስጥ አለ።

ሞዴሉ ላይ ይህን እንዳለ ነው የሠራሁት። ውስጡ ቀይ የተቀባ የጡብ ሳጥን፤ ከላዩ የሚወልቅ የባልጩት ልባስ። ልባሱን ወደ ላይ ስትስበው ጡቡ ይወጣል። ስታወራው ቀላል ነው። ስትሠራው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.3 ሚሊ ካነሰ ይጣበቃል፣ ከበዛ ይወዛወዛል። ቀለም ራሱ ውፍረት አለው፤ ሳይቀባ የገባው ከተቀባ በኋላ አልገባም። ስለዚህ ውስጡን ከቀባሁ በኋላ በካሊፐር ለክቼ ልባሱን በዚያ ልክ እንደገና አስቆረጥኩ። ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ እንዲሆኑ በሞርሳ ከብረት ማዕዘን ጋር አስሬ ነው ኮላው የደረቀው። የልባሱ ውስጥ ጠርዝ ላይ የሻማ ሰም ማሸት እንዲንሸራተት ያደርገዋል።

ቦድሊን የሚነቅፉት አሉ። እኔ አልነቅፈውም። በ1400ዎቹ ከነበሩት ግንበኞች ጋር ያው ሥራ ነው የሠራው፤ የቆመውን ሳያፈርስ ከላዩ ሠራበት። አምስቱ የምዕራብ ዓምዶች ላይ እነሱ ያደረጉትን እሱ ደወል ቤቱ ላይ አደረገው።

ውስጡ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር

ከባዱ ውሳኔ ይኼ ነበር። በመቅደሱና በአዳራሹ መካከል አሁን ባዶ የሆነው ቦታ ላይ ድሮ ትልቅ የእንጨት ሰገነት ነበር። ሮጀር ማርቲን የሚባል የሜልፎርድ ሰው፣ እንግሊዝ ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት ከተቀየረች በኋላም በአሮጌው እምነት የጸና፣ በልጅነቱ ያየውን ጽፎ አቆይቷል። ሰገነቱ የቤተ ክርስቲያኑን ሙሉ ስፋት ይይዝ ነበር ይላል። ስቅለቱ ከላዩ፣ ማርያምና ዮሐንስ በግራና በቀኝ፣ ኦርጋንም ነበረው። ከፊቱ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ተሥለውበታል። በስቅለት ዕለት አንድ ቄስ እዚያ ቆሞ ሕማማቱን ያዜም ነበር። ጣሪያው በወርቅ ቀለም በተቀቡ ኮከቦች ያጌጠ ነበር። በሆሳዕና ውጪ ዑደት ተደርጎ አበባና ስሱ ኅብስት ከላይ ሲበተን ልጆች ይሻሙ ነበር።

ይህ ሁሉ ጠፍቷል። የተረፈው የመስታወት ሥዕል አብዛኛው አሁን በሰሜኑ ጎን መስኮቶች ተሰብስቧል፤ የተንበረከኩ ገንዘብ ሰጪዎች፣ ከነሱም የኖርፎክዋ ዱቼስ ኤልሳቤጥ ታልበት። ሦስት ጥንቸሎች በሦስት ጆሮ ብቻ የሚጋሩበት ትንሽ ክብ መስታወትም አለ፤ ፈልገህ ነው የምታገኘው። በ1700ዎቹ ደግሞ ከመቅደሱ ወለል ሥር ተቀብሮ የተገኘ የሰብአ ሰገል የአልባስጥሮስ ቅርጽ አለ። አንድ ሰው ይጠፋል ብሎ ፈርቶ ቀብሮት ይሆናል፤ እኔ እንዲህ ብዬ ነው የማምነው።

ሰገነቱን በሞዴሉ ላይ ብተክለው ዛሬ የሌለ ነገር እንዳለ አደርገዋለሁ። ብተወው ደግሞ ሕንፃው ለምን እንደዚያ ረጅም ሆኖ እንደተሠራ አይገባም። መፍትሔው የሚገባና የሚወጣ ቁራጭ ነው። ሰገነቱን ሳይቀባ በጥሬ ነጭ እንጨት ሠራሁት፣ መጠኑን እንጂ ዝርዝሩን አላስገባሁም፤ የማርቲን ቃል መልኩን እንጂ ልኬቱን አይሰጥም። ሁለት ትንንሽ ጎድጎድ ውስጥ ተንሸራትቶ ይቆማል። ሲፈለግ ይወጣል። ኮከቦቹን ግን ጣሪያው ላይ አላስገባሁም። ሁሉንም ልጨምር ካልኩ ሞዴሉ ሕልም ይሆናል።

መስታወቱ ላይ ቀለም ያደረግሁት በሰሜኑ ጎን ብቻ ነው፣ በቀጭን ብሩሽ፣ በሚያስተላልፍ የመስታወት ቀለም። ሌላው ጥርት ያለ ነው፤ እዚያ ውስጥ ስትቆም የሚሰማህ ብርሃን ነው፣ በተለይ ከላይኛው ረድፍ የሚገባው።

ሒሳብና የቀረው

እስካሁን የወጣው፦ የሌዘር ሜትር 32 ፓውንድ፣ የሌዘር መቁረጫ ኪራይ 146፣ እንጨት፣ ካርቶንና ልጣጭ 88፣ ሬዚንና ህትመት 41 (ይኼ ሳያስፈልግ የወጣ ነው)፣ ቀለም፣ ኮላ፣ ሼላክና ቫርኒሽ 57። ድምሩ 364። የባቡርና የአውቶቡሱ ከዚህ ውጪ ነው። ርካሽ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሬዚኑን ይተው፣ የመስኮቱን ፋይል ደግሞ በተቻለ መጠን በአንድ ሉህ ላይ አጨናንቆ ይደርድር፤ ኪራዩን የሚያበዛው ማሽኑ ባዶ ቦታ ላይ የሚመላለስበት ጊዜ ነው።

የቀረው የደቡቡ መግቢያና በግድግዳው አናት ላይ ያለው ጥርስ ጥርስ ያለ ግንብ ነው። ጥርሱን ከካርቶን በአንድ ረጅም ቁራጭ አስቆርጬ ልለጥፍ ነው ሐሳቤ፤ ማዕዘን ላይ ግን መጋጠሚያው እንዳይጎድል ከእያንዳንዱ ጎን መሐል ጀምሮ ወደ ማዕዘን መሄድ አለበት። የዋልነቱ ዓምዶች ሰም ከተቀቡ በኋላ ትንሽ ጠቁረዋል፣ ከነጩ ያላቸው ልዩነት አሁን ከክፍሉ ማዶ ይለያል። የሚቀጥለው ሥራ የድጋፍ ግንቦቹን የደቡብ ፊት በልጣጭ ማልበስ ነው፤ ፋይሉ አልቋል፣ ወርክሾፑ ሲከፈት ይቆረጣል።